መርከቡ ላይ የተሳፈረው ማን ነበር

መሪጌታ ተረፈ ከስልካቸው ጋር መከራከር የጀመሩት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ልጃቸው እድላዊት የተመረጠችበት የነርሲንግ ኮሌጅ ቦታዋን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በኢንተርኔት ካላረጋገጠች ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል። ማመልከቻው የተሞላው በአባትየው ስልክ ነው፤ ገጹም ፓስኪ የሚሉትን ቁልፍ ካላሳዩት አያስገባም።

መካነ ሰላም ገበያ ዳር ስልክ የምትጠግነው ፈርሂያ ኔትወርኩን አየች፣ የስልኩን ሰዓት አየች፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ወጣች።

«ፓስኪው አልጠፋም፣ አብሽሩ» አለች። «የይለፍ ቃል ማስቀመጫው ውስጥ ተቆልፎበት ነው። ትናንት የእድላዊትን ጣት ጨምራችሁበታል አይደል? አዲስ አሻራ ሲያይ የማንንም ጣት አላምንም ይላል። ዋናውን የይለፍ ቃል ይጻፉለት።»

«ጻፍኩለት እኮ። ሦስቴ።»

«ምን ብለው?»

«ሦስት ቅኔ።»

ፈርሂያ ቀና አለች። «የተለያየ?»

መሪጌታ ተቆጡ። ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማረ ሰው የአምናውን ቅኔ ዛሬ ይደግማል? አምና ማስቀመጫው ሲከፈት «ረጅምና ማንም የማይገምተው ይሁን» ሲል፣ እዚሁ ሱቅ ቆመው ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ዘርፈው ጻፉለት። አለቀ። ዛሬም በጠየቀ ቁጥር አዲስ ዘረፉለት።

«ቤቱ ይመታል፣ ምስጢሩ ሙሉ ነው» አሉ። «ተሳስተሃል የሚለኝ የት ጉባኤ ቤት ተምሮ ነው?»

«ሁለት ሙከራ ነው የቀረው። ከዚያ እስከ ነገ ይዘጋል። ያን ጊዜ ጮክ ብለው እያነበነቡ ነበር የጻፉት፤ የሰማ ሰው የለም?»

ነበር። መሪጌታ ኃይለኢየሱስ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛቸው፣ ቻርጀር ሊገዙ ገብተው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ተረፈ ዮናስን የኖኅ መርከብ ላይ አሳፈረው» እያሉ እስከ ወግዲ ድረስ አውርተዋል። መሪጌታ ተረፈም «ያልኩት ኖኅን ነው» እያሉ በሦስት ሰንበቴ ተሟግተዋል፤ ከአንዱም ጠላውን ሳይቀምሱ ተነሥተው ወጥተዋል።

ፈርሂያ ልካ አስጠራቻቸው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መሪጌታ ኃይለኢየሱስ መጡ፤ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ቅኔውን ሳያደናቅፋቸው ከዳር እስከ ዳር አንበለበሉት።

«ሌላው ልክ ነው» አሉ መሪጌታ ተረፈ። «ዮናስ ያልከው ግን የራስህ ጭማሪ ነው።»

«እንግዲያው ኖኅ ብለህ ጻፈው። ስልኩ ይዳኘን።»

ኖኅ ብለው ጻፉ። ስልኩ ልክ አይደለም አለ።

«አንድ ቀረ» አለች ፈርሂያ።

«ኖኅን ከገዛ መርከቡ የሚያወርድ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?»

«አባዬ» አለች እድላዊት ከበሩ ላይ፣ «ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆነ።»

መሪጌታ ተረፈ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ጀርባቸውን ለመሪጌታ ኃይለኢየሱስ ሰጡ፣ ጋቢያቸውን እስከ አናታቸው ተከናነቡ፣ ስልኩንም ይዘው ወደ ሱቁ ጓዳ ገቡ። ጣታቸው መስታወቱን ለረጅም ጊዜ ሲመታ ተሰማ። ሲወጡ ማስቀመጫው ተከፍቷል። ፓስኪው መጣ፣ ገጹ አስገባቸው፣ እድላዊት ነጥቃ «አረጋግጣለሁ» የሚለውን ነካች። ኮሌጁ ተቀብያለሁ አለ።

«ማን ከፈተው?» አሉ መሪጌታ ኃይለኢየሱስ።

መሪጌታ ተረፈ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ተረፈ፣ ማን ከፈተው?»

«ዮናስ።»

«እንግዲያው...»

«ምንም እንግዲያው የለም። እኔ ያልኩት ኖኅን ነው። አንተ ዮናስ፣ ዮናስ እያልክ አገሩን ስትዞር ስልኩ ካንተ ተማረ።»

ፈርሂያ በመሃላቸው ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀመጠች። «በአላህ፣ ይህን ቃል ጽፈው ቤት ያስቀምጡት።»

«ይህን?» አሉ መሪጌታ ተረፈ። «ይህ ይቀየራል። አሁኑኑ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሪጌታ ኃይለኢየሱስ በርጩማቸውን አንድ ክንድ አስጠጉ።