የካሌብ ሳጥንና የማርያም ጃንጥላ

ጥገና ቤቴ አርብ ገበያ ከተማ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ሬዲዮና ስልክ ስከፍት ኖሬአለሁ። «ምነው የማይሠራ በሆነ» ተብሎ የተለመነለት ዕቃ ግን አንድ ብቻ ነው ያጋጠመኝ፤ የታናሽ ወንድሜ የካሌብ ሳጥን። ለማኟም እናታችን ውብነሽ ናት።

ካሌብ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ጊታርም ይጫወታል። ከተበላሸ የካራኦኬ ማጫወቻ ድምፅ የሚደግመውን ቺፕ፣ አይሲውን ነቅሎ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገጣጥሞ፣ የጊታሩን ድምፅ ትንሽ ቆየት እያለ የሚደጋግም ሳጥን ሠራ። «ብቻዬን ስጫወት ተቀባይ የለኝም፤ ይኼ ይቀበለኛል» ይል ነበር። ልጆች ሳለን በቡሄ እሱ ሆያ ሆዬ ሲያወርድ የምቀበለው እኔ ነበርሁ። ሱቅ ከከፈትሁ ወዲህ ለሱ ጨዋታ ጊዜ አጣሁ። ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ለተማሪዎቹ ምረቃ ሊጫወት አንድ ሳምንት ሲቀረው ሳጥኑ መድገም አቆመ። ጊታሩ ይሰማል፣ ምላሹ የለም። ሐሙስ ዕለት እቤት ይዞልኝ መጣ። ቀኑ ሃያ አንድ፣ ማርያም ነበረች። ሽቦ የማጣብቅበትን ካውያዬን ልሰካ ስል እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«በማርያም ቀን እሳት ይዘህ ብረት ልታቀልጥ? ነገ አይነጋም እንዴ!»

ነገ ነጋ፤ ግን ዓርብ፣ የገበያ ቀን ነበር። ገበያተኛው የተበላሸ ስልኩን ይዞ ተሰልፎ ቀና ሳልል መሸ። ቅዳሜ ጊዮርጊስ ሆነ፣ በማግስቱ ሰንበት። ሰኞ ጠዋት ካሌብ «ያንተን በዓል ቆጥሬ አልጨርስም» ብሎ እየሳቀ፣ ደብረ ታቦር ላለ ሌላ ጠጋኝ ሊያሳየው ሳጥኑን በፌስታል አንጠልጥሎ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሚኒባሱ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ሳጥኑ ጭረት እንኳ ሳይነካው ከሬሳው ጋር መጣልን።

ከሣልስቱ በኋላ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ያን ቀን ባልከለክልህ ታበጀው ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ እማ።»

በነጋታው ደግማ ትጠይቀኛለች። መልስ ስታጣ ተሳለች፦ «እመቤቴ፣ ብልሽቱ ከልጄ አቅም በላይ ሆኖ ከተገኘ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ።» አርባው ሳይወጣ እንዳልነካው አስጠነቀቀችኝ። እኔም በሆዴ የምለምነው ያንኑ ነበር።

አርባው በወጣ ማግስት ከፈትሁት። የኀዘን ቤት ነውና ድምፅ እንዳይወጣ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ ላይ ኤርፎን ሰካሁ። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ እጄን ታያለች። ባትሪ ቀየርሁ፤ ያው ነው። በቴስተር ለካሁ፤ ለአይሲው አምስት ቮልት ሳይጎድል ይደርሰዋል። እንግዲያው የተቃጠለው አይሲው ራሱ ነው አልሁና ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ አይሲ እኔ ዘንድ የለም። በዕድሜዬ ዕቃ ተቃጥሎ ባገኘው ስል የመጀመሪያዬ ነው። የጊታሩን ክር መትቼ ከማጉያው በመጣ ሽቦ የአይሲውን መውጫ እግር ነካሁና አዳመጥሁ።

ደገመው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እየሳሳ ሄደ። አይሲው ጤነኛ ነው።

ከዚያ ወዲያ ብዙ መፈለግ አላስፈለገኝም። ከአይሲው ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው የሚሄደው ሽቦ ጫፉ ለቋል። ያጣበቀው ሊድ አርጅቶ ጠቁሯል፤ አደጋው ያላቀቀው አይደለም፣ የቆየ ነው። ካውያዬን አስነካሁት። የገብስ ፍሬ ግማሽ የምታክል ሊድ በቃችው። ክሩን ስመታ ሳጥኑ ተቀበለኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሐሙስ ዕለት ብነካው ኖሮ ወንድሜ ሳቁን ይዞ ወደ ተማሪዎቹ ይሄድ ነበር።

«ምን ሆኗል?» አለችኝ እናቴ።

ኤርፎኑን ከጆሮዬ አወጣሁ። ሰውነቷ አልቆ ነጠላዋ ውስጥ የለችም ማለት ይቻላል።

«ዋናው ተቃጥሏል፣ እማ። ያን ቀንም ብነካው አላድነውም ነበር።»

«ማርያምን?»

በቀኗ ካውያ ያልነካሁት ሰውዬ፣ በስሟ ዋሸሁ።

«ማርያምን።»

እናቴ ፊቷን ሸፍና ረጅም ጊዜ አለቀሰች። ሲበቃት ተነሥታ እንጀራ አቀረበች፤ ከቀብሩ ወዲህ ጠግባ ስትበላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየኋት።

በወሩ ማርያም ጃንጥላውን ተሸክሜ ተከተልኋት። ቄስ ገብረ ሚካኤል ተቀብለውን «የእኅታችን የውብነሽ ስለት ሰምሯል» ሲሉ ሴቶቹ እልል አሉ። እሷም እልል አለች። እኔ ጫማዬን እያየሁ ቆሜ ነበር።

ሳጥኑን ከካሌብ ፎቶ ሥር እንድሰቅልላት ጠየቀችኝ። ከመስቀሌ በፊት ሽቦውን መልሼ ልነቅለው ካውያ አንሥቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥሁትና ባትሪውን ብቻ አውጥቼ ሰቀልሁት። አሁን ጠዋት ጠዋት በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ትጠርግለታለች።

«በማይሆን ነገር ለፋ፣ ልጄ» ትላለች።

«አዎ፣ እማ» እላታለሁ።

ሳጥኑ እንዲደግም የጎደለው ባትሪ ብቻ ነው።