አፏን የዘጋችው የኔአለም

ሰገነት ያልሞከረችው ምግብ የለም። የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ ድንች በእንቁላል፣ የምስር ሾርባ፣ ሙዝ በወተት። መካነ ሰላም ገበያ የወጣውን ሁሉ ቀቅላ፣ ፈጭታ፣ አልማ ብታቀርብ ልጇ የኔአለም ወይ ፍንክች! ሁለት ዓመት ያለፋት፣ ገና አፏን በቅጡ ያልፈታች ልጅ ማንኪያ ስታይ ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። ደግሞ ያለ ጠባይዋ! ሰገነት ለአክስቷ ለቅሶ ከለላ ከተማ ደርሳ እስክትመለስ ድረስ እኮ ከሰው እጅ ጉርሻ የምትነጥቅ ልጅ ነበረች።

«ጥለሻት ስትሄጂ አኩርፋብሽ ነው፤ ልጅ ሲያኮርፍ መብል ይተዋል» አሏት አማቷ እማማ አልታየች።

ባሏ ቄስ ውበቱም «ይተዋታል፣ አታስቢ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ሰገነት አመነች። ምን ታድርግ? ጥፋቱን ሁሉ ራሷ ላይ ደፈደፈችው። ሳልስቱን ሳልጠብቅ በመጣሁ ኖሮ እያለች ቀን ከሌት ትብሰለሰላለች። ልጅቱ ግን ዓይኗ እያየ አለቀች፤ የእጇ አንባር ወልቆ ወደቀ።

ይኼኔ ነው ጎረቤቷ ሰብሌ ቴሌግራም ላይ «የልጆች ገበታ» የሚባል ቡድን ውስጥ ያስገባቻት። ቡድኑን የሚመራው ፋሩቅ የሚባል የጤና ባለሙያ ነው። ከኩታበር እስከ ማሻ ያሉ እናቶች የሠሩትን ምግብ ፎቶ አንስተው ይልካሉ፣ እሱ ያያል፣ ይኼን ጨምሩ፣ ያንን ቀንሱ ይላል። አታስገድዱ፣ አብራችኋቸው ብሉ፣ ስልክ እያሳያችሁ አታጉርሱ ይላል። ሰገነት ያለውን ሁሉ አደረገች። የማሻዋ እናት ልጇ ድንች ጨብጦ ሲስቅ ላከች። ሰገነት ቅናት ይሁን ኀዘን እንጃላት፣ ስልኩን ደፍታ አለቀሰች።

ታዲያ እሷ የምትልከው የሳህኑን ፎቶ ብቻ ነው። እማማ አልታየች ስልኩን ሲያዩ በንዴት ቆጥ ላይ ሊወጡ ነበር።

«ስንት ዓይን አለ እዚያ ውስጥ? የልጅ መብል ለማያውቁት ሰው ይታያል እንዴ? እንኳን አፏ፣ ፊቷም እንዳይታይ! በልተዋት ሊያርፉ ነው!»

ሰገነትም ዓይን መፍራቱ አልቀረላትም። ያማረ ሳህን ትልካለች፣ ጭብጨባውን ትቀበላለች፣ ልጅቱ ጦሟን ታድራለች።

በመጨረሻ ፋሩቅ በውስጥ መስመር ጻፈላት። «እህቴ፣ ሳህንሽ ምንም አልጎደለውም። አሁን ሳህኑን ተይና ልጅቷን አሳዪኝ። ስትበላ ቅረጪና ለእኔ ብቻ ላኪልኝ። አብሽሪ፣ ሌላ ሰው አያየውም።»

እማማ አልታየች ለማኅበር ወጣ ሲሉላት ጠብቃ ቀረጸች። የኔአለም በስንት ልመና አንዲት ማንኪያ ሾርባ ተቀበለች። ሾርባው በአፍንጫዋ ተመልሶ ወጣ። ከዚያ አፏን ከፍታ ጮኸች። ሰገነት የልጇ እንቢተኝነት ይታይልኝ ብላ፣ ጩኸቱን ሳትቆርጥ እንዳለ ላከችው።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ፋሩቅ ነው፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«እንጥሏን መቼ ነው ያስቆረጣችኋት?»

«ምን?»

«ስትጮኽ አይቼዋለሁ። እንጥል የላትም። ቦታው መግል ቋጥሯል። ይኼ ጠባይ አይደለም እህቴ፣ ቁስል ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት!»

ሰገነት ስልኩን ወረወረችው። ልጅቱን አቅፋ ወደ መስኮቱ ሮጠች፣ አገጯን ይዛ ወደ ውስጥ አየች። ሽታው ቀድሞ መጣ። በስመ አብ ወወልድ! ትናንት እኮ ፋሩቅ አታስገድዱ እያለ፣ እሷ ጭንቅ ቢላት የልጅቱን አፍንጫ ይዛ በዚህ ቁስል ላይ ትኩስ ገንፎ ግታታለች! ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

እማማ አልታየች ሲገቡ ዘላ ተነሣች።

«እርስዎ ነዎት! ልጄን ያሳረዷት እርስዎ ነዎት!»

«እኔ? ማርያምን! እኔማ እናቷ ትምጣና ትወስን ብዬ ነበር» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ የማይሆን ነገር እንዳመለጣቸው ሁሉ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

በሩ ላይ ቄስ ውበቱ ቆመው ነበር። ጥምጣማቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እንጥሏ ወርዶ ሳል ሲያንቃት ልትሞትብኝ መሰለኝ። አንቺ የለሽም። ቆራጩን ያስጠራሁት እኔ፣ ራሷን የያዝኩትም እኔ ነኝ።»

ሰገነት የሰማችውን ማመን አቃታት። ወላጆች እንጥል እንዳያስቆርጡ አውደ ምሕረት ላይ ቆመው ያስተማሩት እኮ እሳቸው ናቸው! ምእመናኑ «እውነት ነው አባታችን» እያሉ ሲሰሙ እሷ መሐል ተቀምጣ ኮርታባቸዋለች።

«እኔ ገንፎ ሳገነፋ፣ ሾርባ ሳፈላ እያየህ?» አለች። ከቀሰሱ ወዲህ አንተ ብላቸው አታውቅም። «አኩርፋብኝ ነው ብዬ ራሴን ስገርፍ እያየህ ዝም አልህ?»

«ያስተማርኩትን ራሴ አፈረስኩት። በምን አፌ ልንገርሽ?»

ልጇን አዝላ ወጣች፤ እሳቸውም ከኋላዋ ተከተሉ።

ሆስፒታል ሐኪሟ ባትሪዋን አበራች። የኔአለም እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ የሚያበራውን ነገር በጉጉት ታያለች። አባቷ ጠጋ አሉ።

«እንዳትወራጭ ራሷን ልያዝላችሁ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ልጅቱ እጃቸውን አየች። በሁለት መዳፏ አፏን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። ሐኪሟ አንዴ ልጅቱን፣ አንዴ አባቷን አየች።

«አባ፣ ይቅርታ፣ ውጭ ይጠብቁን።»

ቄስ ውበቱ እጃቸውን ሰብስበው ወጡ። በሩ ሲዘጋ የኔአለም መዳፏን ቀስ ብላ አነሣችና አፏን ከፈተች።