ወንድሜ የሠራት ጨረቃ

ጌም የሚወድ ሰው ሁሉ አዲሱ «ሰባት ጨረቃ» አሪፍ እንዲሆን ሲመኝ፣ እኔ ብቻ ቆሻሻ እንዲሆን እመኝ ነበር። ክፋት አይደለም። ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ወንድሜ ነው። ጌሙ ከተወደደ ለሚቀጥለው ክፍል እዚያው ያስቀሩታል። ከከሸፈ ግን ቡድኑ ይበተንና እሱም ወደ ቤቱ ይመጣል። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም ይህችን ለመደመር አስተማሪ አላስፈለገኝም።

የምውለው አጎቴ ጌም ቤት ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት። ወንበሮቹ ከየቤቱ የተለቀሙ ስለሆኑ አንዱ ላይ ስትቀመጥ ጉልበትህ አገጭህን ይነካል፣ ሌላው ላይ እግርህ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ሥራዬ ተራ ማስያዝ፣ ጆይስቲክ መጥረግ፣ ጣቱን ቅባት የነካው ሰው ሲመጣ «ታጠብና ና» ብሎ ማባረር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መፍረድ ነው። አዲስ ጌም ሲመጣ መጀመሪያ እኔ እሞክረውና «ግቡበት» ወይም «እለፉት» እላለሁ። ምላሴ ስለማይምር ሰፈሩ ሁሉ ምላጭ ይለኛል። ስሙን ያወጣልኝ ወንድሜ ነው። እኔ ደግሞ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ፤ ሲያናድደኝም ሲናፍቀኝም ያው ነው።

«ሰባት ጨረቃ» መጀመሪያ ፊልም ነው። የብረት እጅ ያላት ካፒቴን አሮጌ የጠፈር መርከብ ይዛ፣ የተበተኑ ወገኖቿን ከጨረቃ ጨረቃ እየዞረች ትፈልጋለች። እኔና ወንድሜ ፊልሙን በቃላችን እናውቀዋለን። ጌሞቹ ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። የፊልሙ ባለቤቶች ስሙን ለጠየቃቸው ሁሉ ይፈቅዳሉ፣ የተፈቀደለትም ሁሉ ጌም ይሠራል። የመጀመሪያው ግሩም ነበር፤ ሲዲው ተፍቆ እስኪያልቅ ተጫወትነው። ሁለተኛው የእሽቅድምድም ነው። መርከቦቹ ጭነት እንደበዛባቸው አህዮች ይጎተታሉ፣ ግድግዳ ሲመቱ ደግሞ እዚያው ግድግዳው ውስጥ ገብተው ይቀራሉ። በሦስተኛው ካፒቴኗን ንብ የነደፋት አስመስለዋት ቁጭ። ለስልክ የወጣም ነበር፤ ጨረቃ ከጨረቃ እያገጣጠምክ ታፈነዳለህ፣ አለቀ። ከዚያ ሳይታሰብ አንጀት የሚያርስ ጥሩ ጌም ይመጣል። ተስፋ አድርገህ ቀጣዩን ስትከፍት ደግሞ የባሰ ዝባዝንኬ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። በዚህ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ ሰምታ አንድ ቀን ከስፌቷ ቀና አለችና፣ «ማኅፀን ዥንጉርጉር ነው። ምኑ ነው የሚገርመው? እናንተንስ የወለድኩ እኔ አይደለሁ?» አለችን። ዝባዝንኬው ማንኛችን እንደሆንን ግን አልነገረችንም።

ወንድሜ እንደኔ ተሳድቦ አያልፍም ነበር። መጥፎ ጌም ሲገጥመው ጦርነቱን ትቶ ካፒቴኗን ወደ ዳር ይወስዳታል፤ ከተራራው ጀርባ፣ ከማይከፈተው በር ሥር።

«እዪው ምላጬ፣ ከኋላው ባዶ ነው። ሰማዩን እንደ መጋረጃ ነው የሰቀሉት።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ?»

«ስሙ ራሱ ስለሚሸጥ ማንም አይለፋም። የአባቱን ስም ይዞ ሲንጎራደድ የሚውል ሥራ ፈት አታውቂም? እሱን በይው።»

እንዲህ እያለ ሲብሰለሰል ቆይቶ ነው ጥሎን የሄደው። ሩቅ አገር፣ ጌም ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ገባ። የእሱ ድርሻ ድንጋይ፣ በርና ሰማይ መሥራት ነው፤ ባጭሩ ሰው የሚቆምበትን ቦታ ሁሉ። እናቴ ለደንበኞቿ «ልጄ ድንጋይ ይሠራል» ስትላቸው «ውይ! ያን ሁሉ ተምሮ?» እያሉ ያዝኑላታል።

አንድ ጠዋት ደወለ። ስልኩ እየተቆራረጠ «እማዬ፣ ፈቃድ አገኘን! ፈቃዱን ሰጡን!» ብሎ ሲጮህ ተሰማና መስመሩ ጠፋ። እናቴ ሌላ ነገር መስማት አላስፈለጋትም። ለሠራተኛ ፈቃድ ተሰጠው ከተባለ፣ ያው ዕረፍት አግኝቶ ወደ ቤቱ የሚመጣበት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? የወንድሜን ፍራሽ ፀሐይ ላይ አወጣች። አንሶላውን አጠበች። ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡትን ከነሱሪያቸው መለሰቻቸው። እኔም ብልጥ ነኝ ባይዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ መንገድ ሳይ ዋልኩ።

ሲመሻሽ አጎቴ ነገሩን አጣርቶ መጣ።

«እህቴ፣ የዕረፍት ፈቃድ አይደለም። ‹ሰባት ጨረቃ›ን በጌም ለመሥራት ተፈቀደላቸው ማለቱ ነው። እንዲያውም አሁን ሥራው ይበዛበታል።»

እናቴ «እሰይ፣ እንኳን ተፈቀደላቸው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ፍራሹን የሚያስገባው ጠፍቶ ዝናብ መታው።

ያ ጌም ነው እንግዲህ ተሠርቶ አልቆ የመጣው። አጎቴ ማሸጊያውን ሲቀድ የቤቱ ደንበኛ ሁሉ ከጀርባችን ተኮለኮለ። ከፊት ያለው የታክሲ ሹፌሩ ነው፤ የምሳ ሰዓቱን ጆይስቲክ ላይ የሚጨርስ ሰው። ሽፋኑ ላይ የተለጠፈውን ምልክት አየና፣

«በፈቃድ የተሠራ ነው ይላል። ፈቃድ ካለው ጥሩ ነው ማለት ነዋ» አለ።

«አንተስ መንጃ ፈቃድ የለህም እንዴ?» አልኩት። «ባለፈው የሰው አጥር ጥሰህ የገባኸው ታዲያ በምንድነው?»

«እሱ የፍሬን ችግር ነው!»

«ይሄም የፍሬን ችግር ሊኖርበት ይችላላ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ጆይስቲኩን ያዝኩ።

የመጀመሪያዋ ጨረቃ ላይ ወረድኩ። ሰዎቹ እስከ ጉልበታቸው መሬት ውስጥ ተቀብረው ይሄዳሉ። የገደልኩት ዘበኛ ተነስቶ ሰላምታ ሰጠኝ። የካፒቴኗ የብረት እጅ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይሆናል። ደረጃ ስትወጣ አንገቷ እንደ ጉጉት ወደ ኋላ ዞረና እዚያው ቀረ። ሹፌሩ «ኧረ ሴትየዋን ወጌሻ ጋ ውሰጂያት!» አለ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። አንገቷ ሲዞር ወንድሜ ሻንጣውን ሲያወርድ ታየኝ። ዘበኛው ከሞት ሲነሳ ሸሚዞቹን ሲያጣጥፍ ታየኝ። ሦስተኛዋ ጨረቃ ላይ ጌሙ ጭራሹን ደርቆ ሲቆም በሩን ሲያንኳኳ ሰማሁት ማለት ይቻላል። መጣ፣ መጣ፣ ወንድም ጋሼ መጣልኝ!

«ምን ያስፈነድቅሻል?» አለኝ አጎቴ። «የወንድምሽ ልፋት እኮ ነው።»

እየተሳደብኩ፣ እየተሳሳቅኩ፣ ሰባተኛዋ ጨረቃ ላይ ደረስኩ።

እዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ቦታው የተተወ የመርከብ መጠገኛ ነው። ነፋሱ ከሩቅ ሲመጣ አቧራው ቀድሞ ይነሳል፣ ከዚያ ነው ቆርቆሮው የሚንኳኳው። ካፒቴኗ እንኳ አረማመዷ ተለውጦ እግሯ መሬት ይረግጣል። ልማድ ነውና ወደ ዳር ወሰድኳት። ከግድግዳው ኋላ መንገድ አለ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ መጠገኛ አለ። ሰማዩ እስከ ታች ድረስ ሰማይ ነው። ባዶ ፈልጌ አጣሁ።

ወደ ውስጥ መለስኳት። የጣሪያው ቆርቆሮ ምስማር የበሳው ስለሆነ በየቀዳዳው ፀሐይ ይገባና ወለሉ ላይ ትናንሽ ክብ ብርሃን ይጥላል። በየብርሃኑ አጠገብ ደግሞ በጠመኔ የተሠራ ክብ አለ፤ ባዶ ክብ፣ ብርሃኑ ትቶት የሄደ።

ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ልጆች ሆነን የቤታችን ጣሪያ እንደዚያው ነበር። እናቴ ስፌት ላይ ስትሆን ወንድሜ ወለሉ ላይ የወደቀችውን እያንዳንዷን ብርሃን ልብስ በምትለካበት ጠመኔዋ ዙሪያዋን ይከብልኛል። «እነዚህ ያንቺ ጨረቃዎች ናቸው፣ ጠብቂያቸው» ይለኛል። እኔ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ብርሃኗ ሳትታይ ተንሸራታ ከክቧ ትወጣለች። ሰረቁኝ ብዬ አለቅሳለሁ። እሱ ደግሞ ሳይሰለቸው በአዲሱ ቦታዋ ሌላ ክብ ይሠራላታል። ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም።

ሹፌሩ ቀስ ብሎ «ይቺን ደሞ ማን ነው የሠራት?» አለ። የምሳ ሰዓቱ አልፎ፣ ውጭ መኪናው መንገድ ዘግቶ ጥሩምባ ይነፋበታል፣ እሱ አልሰማም።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ አየኝ። «ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«የስክሪኑ ብርሃን ነው» አልኩ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ወንድሜ ደወለ። ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

«ምላጬ፣ ደረሳችሁ?»

«ደረሰን።»

«በይ ፍረጂ።»

«ካፒቴኗን ምን አድርጋችኋት ነው? አንገቷ ጉጉት ሆነ እኮ!»

ሳቀ። የሚያስቅ አልነበረም። «የፊልሙ ባለቤቶች ጊዜ ከለከሉን። አዲሱ ፊልም ከሚወጣበት ቀን ጋር ካልደረሰ ብለው፣ ያላለቀውን እንዳለ ጠቅልለው ሸጡት።»

«ሰዉ ጉልበቱ ድረስ ተቀብሮ ነው የሚሄደው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰማዩ መጋረጃ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ! ዓለም ሁሉ እየሰደበን ነው። ቡድኑም ሊበተን ነው።»

ሊበተን ነው! አፌን በእጄ ያዝኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰባተኛዋስ? ደረስሽባት? እሷ የኔ ናት፣ ከዳር እስከ ዳር። እሷን ያዩ ሌሎች ሰዎች ጠርተውኛል። የማንም ፊልም ያልሆነ፣ የራሳቸውን ዓለም ከባዶ ሊጀምሩ ነው። ቦታውን ሁሉ አንተ ሥራው አሉኝ። ዓመታት ይፈጃል። እኔ ደግሞ ደክሞኛል ምላጬ። ጥሩና መጥፎውን መለየት ሁሉ አቅቶኛል። እሷም እንደሌሎቹ ቆሻሻ ከሆነች ንገሪኝ፣ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ዋሽተሽኝ አታውቂም።»

«ቆሻሻ» ምላሴ ላይ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች። በቀን ስንቴ የምወረውራት ቃል ናት! አንዴ ብተፋት ወንድም ጋሼ በዚያ በር ይገባል፣ እናቴ ፍራሹን ታነጥፋለች፣ እኔም የምጨቃጨቀው ሰው አገኛለሁ። አፌን ከፈትኩ።

«ጠመኔውን አየሁት» አልኩ።

«ማንም አያየውም ብዬ ነበር» አለ።

«ዓይን የለኝም እንዴ?»

«እና?»

«ሹፌሩ መኪናውን ረሳ። እኔን መተኮስ አስጠላኝ። ዳሩን ፈትሼ ባዶ አጣሁበት።»

«ጥሩ ናት ማለት ነው?»

«ከሷ በኋላ ሌላ ጌም መክፈት አላሰኘኝም። ሂድና ለሰዎቹ ዓለማቸውን ሥራላቸው።»

«ምላጬ… ልምጣ ወይ ነው የምልሽ።»

«መጥተህ ምን ልትሆን? ጆይስቲክ መጥረግ የኔ ሥራ ነው፣ እንዳትደርስብኝ።»

መሳቅ ጀመረና ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነበት። «ናፍቃችሁኛል» አለኝ።

«እኛ አልናፈቅኸንም።»

«ይኸው ዋሸሽ» አለና ዘጋው።

ቤት ስገባ እናቴ መርፌውን ልብሱ ላይ እንደሰካችው ትጠብቀኛለች።

«ምን አለ? ሊመጣ ነው?»

«ሥራ አገኘ፣ እማዬ። ትልቅ ሥራ። እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት።»

«አንቺ? አንቺ ማነሽና ነው የምታሰናብቺው? እኔ የለሁም?» ጨርቁን ወረወረችው። መልሳ አነሳችው፣ አራገፈችው፣ አጣጠፈችው። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን ፈለገች። «በይ ተነሽ። ምን ሠርቶ እንደሆነ አሳዪኝ።»

ያ ሁሉ ዓመት ጌም ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ከመጣራት በቀር ወደ ውስጥ ገብታ አታውቅም። አጎቴ ደህናውን ወንበር ከሹፌሩ ሥር ነጥቆ ሰጣት። ሰባተኛዋን ጨረቃ ከፍቼ ጆይስቲኩን አስያዝኳት። እንደ ትኩስ ነገር በጣቷ ጫፍ ያዘችው።

ስክሪኑ ውስጥ ያለውን ጣሪያ ቀና ብላ አየች። «ዛሬም ያፈሳል?» አለች። ቀጥላ ወለሉን አየች። «ጠመኔዬን እሱ ነበር የሚጨርስብኝ ለካ።»

እጄን በእጇ ላይ ደርቤ ካፒቴኗን አስጎንብሼ ክቦቹ አጠገብ አስቀመጥኩላት።

«እሱ ራሱ ብቅ አይልም?» አለችኝ።

«አይልም እማዬ። እሱ ቦታውን ብቻ ነው የሚሠራው።»

«እሺ፣ እንደሱ ከሆነ ትንሽ እንቀመጥ።»

ተቀመጥን። ነፋሱ መጣ፣ ቆርቆሮው ተንኳኳ። በመጠገኛው በር ዘበኞቹ መግባት ጀመሩ። ሹፌሩ ከኋላ አላስችል አለው።

«እትዬ! መጡ እኮ! ካልተኮሱ ይገድሉዎታል!»

«ዝም በል አንተ» አለችው፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። «ልጄ ቤት ገብቼ ነው የምተኩሰው?»

ካፒቴኗ ሞተች። እኔም ከመጀመሪያው አስነሳሁላት።