በካባው ጫፍ የቀረው ቋጠሮ

ሼህ ፈያድ የገሊላን ኮረብቶች ሠላሳ ዓመት ሲገዛ የሱልጣኑ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ይስመዋል፣ ግንባሩን ያስነካዋል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ወርውሮ ይረሳው ነበር። ኢስታንቡል ሩቅ ነው፤ መንግሥቱም አርጅቷል። በሼሁ ዘመን መንገዱ ሰላም፣ የዘይቱ ጋን ሙሉ ነበር። ይህን የማትል በመንደራችን አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ዋድሃ።

ዋድሃ ባሏ የሞተባት ናት። ሼሁ ግንቡን ሲያሠራ የወይራ ማሳዋን "ጦርነቱ እስኪያልፍ" ብሎ ለፈረሶቹ ወሰደባት። እኛ ዘንድ የተበደለ ሰው የትልቅ ሰው ልብስ ጫፍ ይዞ ይቋጥራል። ባለ ልብሱ ጉዳዩን ሳይፈጽም ቋጠሮውን አይፈታም፤ እንዲሁ ከተወው ደግሞ ማዕዱን የሚቀርብ የለም። ዋድሃም የሼሁን ካባ ጫፍ ቋጠረች። ሼሁ "ከመከር በኋላ" አላት። መከሩ ሳይደርስ ሞተ።

ካባው ከነቋጠሮው በመንደሩ እንግዳ ቤት ግድግዳ ላይ ሰባት ዓመት ተሰቀለ። የቤቱ ጠባቂ እኔ ነኝ። አቧራውን አራግፋለሁ እንጂ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው አላውቅም። ካባውን የለበሰ ቋጠሮውንም ለበሰ፤ ሞኝ አይደለሁም።

በኋላ ሱልጣኑ ነዝሂ አጋ የሚባል አገረ ገዥ ሰደደብን፤ አጋ በነሱ ጌታ እንደ ማለት ነው። ሰውየው የሼሁን ስም መስማት አይወድም። ግንቡ በር ላይ የተቀረጸውን እንኳ አስፋቀው። የዋድሃን ማሳ ግን እንደነበረ ለራሱ ፈረሶች አደረገው። ለመውሰድ ሲሆን የሼሁ ውርስ አላስጠላውም።

አንድ ቀን ዝናብ ደብድቦት ከአጃቢዎቹ ጋር እንግዳ ቤት ገባ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ዓይኑ ካባው ላይ አረፈ፤ አውርዶ ተጠቀለለበት። የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። እንግዳ የነካውን "ተው" ማለት በኛ ነውር ነው። ነውርን በማክበር እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወሬ እግር አለው። ብዙም ሳይቆይ ዋድሃ ከነጭቃዋ ከች አለች። ጎንበስ ብላ የካባውን ጫፍ ያዘች።

"አጋ፣ ይቺ ቋጠሮ የኔ ናት። ማሳዬን ይመልሱልኝ።"

"መቼ ቋጠርሽብኝ ሴትዮ?"

"የቋጠርኩትስ በሼህ ፈያድ ላይ ነው። አሁን የለበሱት ግን እርስዎ ነዎት።"

ነዝሂ አጋ ወደ አጃቢዎቹ ዞረ። ያገር ልጆች ናቸውና ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። አንደኛው ብቻ፣ የሰው ቋጠሮ ይዞ የሚሄድን ጌታ ተከትሎ የሚወጣ እንደማይኖር ቀስ ብሎ ነገረው። አጋው ካባውን ሊጥል እጁን አነሳና ቆም አለ።

"ያ ሁሌ የምታወሩለት ሰውዬ ይቺን ሳይፈታ ነው የሞተው?"

ሼሁን ሳወድስ የኖርኩት እኔ አፈርኩ።

አጋው ግን ፈገግ አለ፤ ሼሁ ያልፈታውን እሱ ሊፈታ ነው። ፈረሶቹ ዛሬውኑ ከማሳው እንዲወጡ አዘዘና ቋጠሮውን ይፈታ ጀመር። የሰባት ዓመት ቋጠሮ በጣት አልላላ ሲለው በጥርሱ ያዘው። ሲፈታ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሁሉ ተነፈሰ።

ዋድሃ ቀጥታ ወደ ወይራዎቿ የምትሮጥ መስሎኝ ነበር። ወደ ሼሁ መቃብር ሄደች፤ ተከተልኳት። በቀብሩ ዕለት አንዲት እንባ ያላወጣችው ሴት ዝናቡ ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

"በል እንግዲህ ተኛ" አለችው። "ፈተውልሃል።"