እግር ያወጣው ቤት

አርባ ምንጭ የመጣ ፈረንጅ አዞ ያያል፣ ዓሣ ይበላል፣ አንድ ሌሊት ያድርና ሲነጋ ወደ ጂንካ ይበራል። ከተማዋም ለምዳዋለች። ሁለት ሐይቅ ታቅፋ እንደ መናኸሪያ ሲያዩዋት ዝም ትላለች። መክሊት ኦይታ ግን ዝም የምትል ልጅ አይደለችም። እዚሁ ቱሪዝም አጥንታ ስትመረቅ፣ ጓደኞቿ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ እሷ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ባዶ ቦታ ተከራይታ ቦርሳ ተሸክመው ለሚዞሩ ወጣቶች ማረፊያ ከፈተች። ስሙንም «ሁለት ሌሊት» አለችው። «ምነው፣ አንዱ አነሰሽ?» ሲሏት፣ «አንዱ ለአዞው ነው፤ ሁለተኛው ለእኛ» ትላለች።

መኝታዎቹ የቆርቆሮ ክፍሎች ውስጥ የተደረደሩ ተደራራቢ አልጋዎች ናቸው፤ ምንም አያኮሩም። የሚያኮራው ግቢው መሀል የቆመው የዶርዜ ቤት ነው። ከቀርከሃ ተሸምኖ፣ የእንሰት ቅጠል ለብሶ፣ ከፊቱ እንደ ዝሆን አፍንጫ የወጣች ጠባብ መግቢያ አለችው። ውስጡ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ የቢራ ፍሪጅ፣ አንድ ሕግ አለ፦ ማንም ብቻውን አይቀመጥም። ብቻውን ጥግ የያዘ ሰው ከተገኘ፣ አስተናጋጁ ነህምያ ሳያስፈቅድ ወንበሩን ጎትቶ ከማያውቀው ሰው ጎን ያስቀምጠዋል። የጅግጅጋው ተማሪ ከጀርመኑ፣ የጨንቻው መምህር ከባጃጅ ሹፌሩ ጋር ተጋጭተው ሳይሆን ተጫውተው ነው የሚወጡት።

ያን ቤት የሠራው የመክሊት አባት ኦይታ ነው። ደጋ ዶርዜ ላይ ቤት የሚያቆም እጅ እንደሱ የለም ይባልለታል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነው፤ ዕድሜ ልኩን ጠላ እንኳ በአፉ አልዞረም። ለልጁ ቤቱን አቁሞ በጨረሰ ማግስት የቢራው ፍሪጅ ሲገባ አየ። «እኔ የሠራሁት ለእንግዳ ነው፤ ለቢራ አይደለም» ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ወደ ደጋው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለገበያ ሲወርድ እንኳ በማዶ ያልፋል። ሰው አስቁሞ «ኦይታ፣ ያ የሚያምረው ቤት የማን እጅ ነው?» ሲለው፣ «እኔ እንጃ» ይላል። መክሊትን ያንገበገባት ይኼ ነበር። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። በገዛ እጁ ሥራ ላይ እኔ እንጃ!

እንዲህ እያለ የቦታው ባለቤት ጋሽ ታዴዎስ አንድ ቀን ከች አሉ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ፎቅ አማራቸው እንጂ።

«ልጄ፣ ልሠራበት ነው» አሏት። «እስከ ቅዳሜ የሚወጣውን አውጪ፤ የማይወጣው ይፈርሳል።»

ቆርቆሮ ይነቀላል፣ አልጋ ይጫናል። የአክስቷ የአበቡ ግቢ ብዙም አይርቅም፤ ማንጎው ሥር ሰፊ ቦታ አለ፤ አክስቷም «ነይ» ብላታለች። ግን የዶርዜው ቤትስ?

«ፎቶ እናንሳው» አለ ነህምያ፣ ሊቀበር ነው በሚል ድምፅ።

መክሊት ግን ልጅ ሆና ደጋ ላይ ያየችው ትዝ ብሏት ነበር፦ የአጎቷ ቤት ከነጣሪያው በሰው ትከሻ ተነስቶ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲሄድ። የዶርዜ ቤት እንደ ቅርጫት ነው፤ ከሥሩ ከተቆረጠ ይነሳል። ችግሩ እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ሠሪው አይጀመርም፤ የደጋው ሰውም እሱ ካልጠራው አይወርድም። ስለዚህ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ደወለች።

«አባዬ፣ ቤቱ ሊፈርስ ነው።»

በስልኩ ከብት እምቧ ሲል ብቻ ይሰማል።

«አንተ ካልመጣህ ማንም አያነሳውም።»

«ባዶ ከሆነ እሸከመዋለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ባዶ ይሆናል።»

ለዛሬ ባዶ ይሁን ወይስ ለዘለዓለም፣ እሱም አልጠየቀ፣ እሷም አላብራራች። ዝም አይነቅዝም ብላ ስልኩን ዘጋች።

ቅዳሜ ጠዋት የደጋ ሰዎች የጫነ አይሱዙ እየዘፈነ ገባ። በዚያው ሰዓት ወደ ጂንካ የሚሄዱትን እንግዶች ሊወስድ የመጣ ሚኒባስ በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል። ሆላንዳዊቷ አኒካ ቦርሳዋን በጀርባዋ እንዳዘለች ነህምያን ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ቤቱ ሊሄድ ነው» አላት።

«ወዴት?»

«ወደ ማንጎው ሥር።»

አኒካ ቤቱን አየች፣ ሚኒባሱን አየች፣ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለች። ጓደኞቿም ተከተሏት። ሹፌሩ «ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» እያለ ሞተሩን አጠፋ።

ኦይታ ልጁን በአጭሩ «ሳሮ» ብሎ ሰላም አላትና ቤቱን መዞር ጀመረ። ፍሪጁ ወጥቷል፣ ጠርሙሱም ወጥቷል። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ሄደ፤ ምስጥ የበላው ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄንን ምስጥ ምን እያበላሽው ነው እንዲህ የወፈረው?» አላት። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ረጅም ንግግሩ ነበር። መክሊት ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

ቀርከሃው ከመሬቱ ላይ ተቆረጠ፤ በውስጥም በውጭም ረጃጅም እንጨት ታሰረ። ሰዎቹ ግማሹ ቤቱ ውስጥ ገብተው፣ ግማሹ ውጭ ቆመው ትከሻቸውን ሰጡ። ኦይታ «ዮ!» ሲል «ዮ!» ብለው ገፉ። ቤቱ ነቅነቅ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። እንደገና፤ ያው። የደጋው ጎረምሳ ሁሉ አዲስ አበባ ሽመና ላይ ነው፤ የመጡት አብዛኞቹ ጢማቸው የሸበተ ነው።

መክሊት መንገድ ወጥታ ጮኸች። ተማሪዎቹ መጡ፤ የባጃጅ ሹፌሮች መጡ። ከጎን ካለው ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲለማመዱ የነበሩ ወጣቶች ሳይቀሩ ተንጋግተው መጡ፤ የመጠጥ ቤት ለመሸከም የወጡ መዘምራን አርባ ምንጭ አይታም አታውቅ። ጋሽ ታዴዎስ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ነበር። ድንገት ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ።

«እርስዎም?» አለች መክሊት።

«እኔም የደጋ፣ የቦንኬ ልጅ መሆኔን ረሳሽው? የሚወጣውን አውጪ ያልኩሽ አልጋውን ብቻ መሰለሽ?»

«ዮ!» አለ ኦይታ። «ዮ!» አለ ሰፈሩ። ቤቱ ተነሳ።

ከሥሩ እግር ብቻ ይታያል፤ በረባሶ ጫማ ያደረገ፣ ስኒከር ያደረገ፣ ባዶ እግሩን የሆነ፣ የፈረንጅ ቀይ ተረከዝ። ቤቱ እግር አውጥቶ በሩን አልፎ ኮብልስቶኑ ላይ ወጣ። ሴቶች ከየደጃፉ እልል አሉ። ጎብኚ ሳይሆን የከተማው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። መክሊት ፊት ፊት እየሄደች መንገድ ታስለቅቃለች። ይቺን ከተማ ነው በአንድ ሌሊት የሚጨርሷት! አለች በሆዷ።

መንታ መንገዱ ላይ ሲደርሱ ትከሻ ዛለ፤ ቤቱን መሀል አስፋልት ላይ አስቀመጡት። ቤት የተሸከመ ሰው ደግሞ ሳይቀምስ አይሄድም። አክስት አበቡ ቆጮና የሚያቃጥለውን የቃሪያ ዳታ አስጭና ደረሰች፤ ለስላሳም መጣ። ሁሉም እቤቱ ውስጥ ገብቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ነህምያ ወንበር ባይኖርም ሥራውን አልረሳም፦ ብቻውን የተቀመጠውን በእጁ እየሳበ ከሌላው ጋር ያጣብቀዋል። አኒካ ዳታውን ቀምሳ እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ኦይታ ብቻ ውጭ ቀረ። በመግቢያው አፍንጫ በኩል አጎንብሶ ወደ ውስጥ ያያል፤ እግሩን ግን አያስገባም።

ይኼኔ ትራፊክ ፖሊስ መጣ። ከወዲህም ከወዲያም መኪና ተሰልፎ ይጮሃል።

«መንገድ የዘጋው ቤት የማን ነው?» አለ በቁጣ።

መክሊት ዓይኗን ወደ አባቷ መለሰች። ሰው እሱን አስቁሞ የሚጠይቀው ያው የቆየ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ታውቀዋለች።

ኦይታ ቀና አለ። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ቤቱ የልጄ ነው» አለ፣ መኪና ውስጥ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። «እጁ የኔ ነው።»

ፖሊሱ ሽቅብ ቤቱን፣ ቁልቁል ሰውየውን አየ። «እና… አንሱታ!»

«ደክሞናል። ግባና ቅመስ» አለው ኦይታ፤ እጁንም ይዞ ራሱ ቀድሞ ገባ። ነህምያ ፖሊሱን ከአኒካ ጎን አስቀመጠው።

ከሰዓት ቤቱ ማንጎው ሥር ቆመ። ፍሪጁ በጋሪ ከኋላ ደረሰ። ኦይታ አየውና ልጁን አየ።

«አባዬ፣ ባዶ ያልኩህ ለመሸከሚያው ነው» አለችው። «ቢራው ይመለሳል። ለሥራዬ ያስፈልገኛል። አልዋሽህም።»

አባቷ ዝሆን የመሰለውን ቤት ከጅራቱ እስከ አፍንጫው አየው።

«ከውስጥ አስገቢው» አለ። «አፍንጫው ጋ እንዳይደርስ። አፍንጫው እንግዳ መቀበያ ነው፤ እዚያ እኔ እቀመጣለሁ።»

«አንተ? መቼ?»

«ወንበር ስትሰጪኝ ነዋ!»

ሰጠችው። እዚያችው ጠባብ መግቢያ ላይ፣ ለቢራው ጀርባውን ሰጥቶ፣ እንደ ዳኛ ተሰየመ። አኒካ በአቧራ ተለውሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች፤ ሚኒባሱ ከሄደ ቆይቷል። ኦይታ እንግሊዝኛ አያውቅም። ፈገግ ብሎ ለሁለቱ ሌሊት ሁለት ጣቱን አነሳላት። አኒካም ሁለት ጣቷን አነሳችለት፤ አሳልፎ አስገባት።