የኡስታ ገሪብ ግራ ዓይን

አክስቴ ነጃት ለእንጨት ቀራጩ አባቴ ለኡስታ ገሪብ ሦስት ብልቃጥ መድኃኒት በአንድ መርፌ ቀላቀለች። በግብፅ ዱሚያት፣ በከተማችን፣ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ይህን ድብልቅ ይወጋል፦ አንቲባዮቲክ፣ የእብጠት መድኃኒትና ማስታገሻ። ሐኪም አያዝዘውም፤ ሰፈሩ ነው የሚያዝዘው።

«አባዬ፣ ገና አምስተኛ ቀንህ ነው» አልኩት። «የሳይነስ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ ነው፤ በአሥር ቀን ውስጥ ያለ ሐኪምም ራሱ ይለቅሃል። አፍንጫህን ፈልቶ በቀዘቀዘ ጨው ውኃ እጠብና ተኛ።»

«ልተኛ? የሙሽራዋ አልጋ ሐሙስ ተጭኖ ከተማውን ሊዞር፣ ራስጌው ጽጌረዳ ሳይቀረጽበት ልተኛ?»

«አንቺ ሩመይሳ» አለች አክስቴ፣ «አምስት ዓመት ፋርማሲ የተማርሽው ጨው ልትሸጪ ነው?»

ወጋችው።

በማግስቱ ሕመሙ ጠፋ። አባቴ ሰጋቱራ ውስጥ እያፏጨ ሲቀርጽ አክስቴ «አላልኩሽም?» እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ። አንድ ቀን የተሰጠ አንቲባዮቲክ ምን ያድናል? ማስታገሻው ሕመሙን ሸፈነው፣ እሱም ዳንኩ አለ።

ረቡዕ፣ በዘጠነኛው ቀን፣ ትኩሳቱ ተመለሰ። ወርክሾፑ ስገባ የግራ ዓይኑ ቆብ ቀልቶ አብጧል። ሠላሳ ዓመት የቀረጸ ሰው መሮውን ከጽጌረዳው ውጭ አሳረፈው።

ሁለት ጣቴን አነሳሁ። «ይሄ ስንት ነው?»

«አራት። ምን ያገባሻል?»

መሮውን ከእጁ ወሰድኩበት። «ተነስ፣ ሆስፒታል።»

አክስቴ ከነመርፌዋ ደረሰች። «ያኔ ሐኪም አያስፈልግም ስትይ ከርመሽ፣ ዛሬ ለጉንፋን ሆስፒታል?»

«ያኔ አያስፈልግም ነበር። አሁን ግን ተሽሎት ከነበረ በኋላ ባሰበት፤ ይህ ብቻውን ሐኪም ዘንድ ይወስዳል። ዓይኑ አብጦ አንዱን ሁለት ማየቱ ደግሞ ያስሮጣል።»

«አንዴ ብቻ ልውጋውና...»

«እጅሽን ሰብስቢ፣ አክስቴ።»

እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። መርፌዋን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

«ጽጌረዳውስ?» አለ አባቴ።

«ሙሽራዋ ያለ ጽጌረዳ ትተኛለች። አንተ ያለ ዓይን ልትቀርጽ ነው?»

መብራቱን አጥፍቼ ባጃጅ ውስጥ ገፍቼ አስገባሁት። እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ሰደበኝ።

ሐኪሙ የፊቱን ስካን ምስል አይቶ፣ መግሉ ከሳይነሱ ወደ ዓይኑ ጉድጓድ እየዘለቀ ነው አለ። ወዲያው በደም ሥር መድኃኒት ጀመሩለት፤ ማታውኑ መግሉን በአፍንጫው በኩል አወጡለት። «ነገ ብትመጡ ለዓይኑ ዋስ አልሆንም ነበር» አለኝ።

አርብ ዕለት የዓይኑ እብጠት ጎደለ። ጣቶቼን በትክክል ቆጠረልኝ፣ እየተነጫነጨ።

ከሰዓት በኋላ የሙሽራዋ እናት ክፍሉን በርግዳ ገባች። «የልጄን አልጋ ራሰ በራ አድርጋችሁ በከተማው አዞራችሁኝ! ሰው ሁሉ ሳቀብኝ! ማነው ተጠያቂው?»

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «አሳሪዬ ያቻትና። እሷን አናግሪ።»

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ድምፅሽን ቀንሺ፤ በሽተኛ አለ።»