የዳገቱ ሣር

ልብስ ሰፊዋ የአዳራሹን በር በክርኗ ገፍታ ስትገባ ስብሰባው ተጀምሯል። ቀሚሷ ጫፍ ላይ የሣር ፍሬ ተጣብቋል፤ እሷ ግን ልብ አላለችውም። ዓይኗ የሚፈልገው ባሏን እንኳ አልነበረም፤ ያቺን ሴትዮ ነበር።

አገኘቻት። የአእዋፍ ባለሙያዋ ከፊት ቆማ ስለ ቆቅ ታስረዳለች። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ያየችው ኮቷን ነው፤ ትከሻው ላይ ልክክ ያለ፣ ስፌቱ የማይታማ። "እንከን እንኳ የላትም፣ ወይ ጉዴ!" አለች በሆዷ። ሴትዮዋን መልከ ጥፉ ሆና ብታገኛት እንዴት ደስ ባላት! ቆንጆ ናት፤ ምን ይደረግ።

ባሏ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጭንና ሲያወርድ ኖሮ ቤት ሲገባ ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት መከራ ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አመሉ ተለወጠ። ከእራት በፊት ስልኩን ይዞ በረንዳ ይወጣና ከዚያች ባለሙያ ጋር ስለ ቆቅ ያወራል። ይስቃል። ይስቃል እኮ! ለሚስቱ የሚተርፋት "ጨው አነሰው" ብቻ ነው። አንድ ቀን "ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ወሬ?" ብትለው "የወፍ ነገር ነው፣ አይገባሽም" አላት። ያቺ "አይገባሽም" ሆዷ ውስጥ ገብታ እስከ ዛሬ አልወጣችም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ሲወጣ አየችው። ለወፍ ስብሰባ ሽቶ! ደሟ ፈላ። ማጭዷን አነሣችና ከቤታቸው በላይ ዳገቱ ላይ፣ ለወራት "እንዳትነኪው" እያለ የከለከላትን ሣር ከዳር እስከ ዳር አጨደችው። ልትጨርስ ስትል አንዲት ቆቅ ከእግሯ ሥር ቡር ብላ ተነሣች። የተነሣችበት ቦታ እንቁላሎች ነበሩ፤ ስትነካቸው ይሞቃሉ። ራቅ ብላ ወፏን ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ የት አባቷ ትምጣ! መደበቂያዋ ሁሉ ታጭዷል። ልብስ ሰፊዋ እንቁላሎቹን በሻሿ ቋጥራ ቤት ወረደችና ለመታቀፍ ጎጆዋ ውስጥ የተቀመጠችውን ጥቁር ዶሮዋን አስታቀፈቻት። ከዚያ ልብሷን ሳትቀይር ወደ ስብሰባው መጣች። ባሏ ከዚህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር የለም።

"ቆቅ ከዳገታችን የጠፋችው አዳኝ ስለበዛ ብቻ አይደለም" ትላለች ባለሙያዋ። "መደበቂያ አጥታ ነው። የማሳ ዳር ሣራችንን ጫጩቶቹ እስኪወጡ ሳናጭድ ብንቆይ ትመለሳለች። እስካሁን የሞከረው ማን አለ?"

"እኔ ሞክሬ ነበር" አለ ባለወፍጮው። "የአማቴ አህያ ስብሰባውን አልሰማች፤ ጠርጋ በላችው!"

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ሾፌሩ ብድግ አለ።

"እኔ ዘንድ አንዲት ቆቅ ታቅፋለች" አለ። "ዝናብ ሲወርድባት እንኳ አትነሣም። እንዳላስደነግጣት ጫማዬን አውልቄ ነው የማያት።"

'ለእኔ በር እያላተመ የሚገባ ሰውዬ ለወፍ ጫማውን ያወልቃል!' አለች ሚስቱ ለራሷ።

"ልጆቹ ወጥተው ቤቱ ጭር ካለ ወዲህ" አለ ሾፌሩ፣ "በጠዋት የምነሣው ለእሷ ነው።"

"ጋሼ እኮ ለሁላችንም አስተማሪ ናቸው" አለች ባለሙያዋ፣ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ። እጇ እዚያው ቆየ። ልብስ ሰፊዋ ያንን እጅ በመቀስ ብትቆርጠው ደስ ባላት።

"ለባለቤቴ ገና አላሳየኋትም" ቀጠለ ሾፌሩ። "ባዶ ሣር ባሳያት ትስቅብኛለች። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ እወስዳታለሁ ብዬ ነው።"

"እንግዲያው ሻይ እንጠጣና ሁላችንም ሄደን እንያት!" አለች ባለሙያዋ። ሰው ወንበሩን እየገፋ ተነሣ።

"አትድከሙ!" አለች ልብስ ሰፊዋ ከኋላ። ሁሉም ዞረ። "ሣሩ የለም። ዛሬ ጠዋት አጭጄዋለሁ።"

"ምን አልሽ?" አለ ሾፌሩ።

"አጨድኩት አልኩህ። ቀንቼ ነው።"

"በማን?"

"በእሷ!" ጣቷን ወደ ባለሙያዋ ቀሰረች። "በወፏም ጭምር!"

ባለወፍጮው አፉን በእጁ ያዘ። ሾፌሩ መልሶ ተቀመጠ፤ ፊቱ ዓመድ መሰለ። "እንቁላሎቹንስ?" አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። "ሰበርሻቸው?"

"እጄ እምቢ አለኝ። ጥቁሯ ዶሮ ታቅፋቸዋለች።"

"ስንት ጊዜ የጠበቅኋትን..."

"አውቃለሁ፣ አጥፍቻለሁ። አንተስ አንድ ቀን 'ነይ አብረን እንያት' ብትለኝ ምን ነበረበት?"

ባለሙያዋ ፊቷ ቀልቷል፤ ቢሆንም ቶሎ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። "እትዬ፣ ሙቀቱ ካልተቋረጠባቸው ይፈለፈላሉ። ዶሮዋን ማንም አይረብሻት። የቆቅ ጫጩት ደግሞ እንደተፈለፈለ ስለሚሮጥ ዓይን ይፈልጋል። እኔ በየቀኑ ለጋሼ እየደወልኩ ምን እንደሚደረግ እነግራቸዋለሁ።"

"ቆይ" አለች ልብስ ሰፊዋ። በወንበሮቹ መሃል አልፋ ባለሙያዋ ፊት ቆመችና ስልኳን ከኪሷ አወጣች። "ቁጥርሽን ለእኔ ስጪኝ። ዶሮዋ የእኔ ናት። ከእንግዲህ የምትደውይው ለእኔ ነው።"

ባለሙያዋ ሾፌሩን አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል።

"ስጫት" አለ።

ልብስ ሰፊዋ ቁጥሩን መዘገበች። ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ እዚያው ደወለች፤ ስልኩ በባለሙያዋ ኪስ ውስጥ ሲጮህ ሰምታ ዘጋችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

"በል ተነሥ፣ እንሂድ። ቤት ስንደርስ ጫማህን በር ላይ አውልቅ፤ ዶሮዋ ትደነግጣለች።"